ሦስት ሳምንት የቆመ ምዕራፍ እንዴት ተንቀሳቀሰ

አራተኛ ዓመት ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ምዕራፍ 2 ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር አልጨመረም። በየማታው ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ከዚያ ቴሌግራም፣ ከዚያ የዶርም ወሬ፣ ከዚያ «ነገ በጠዋት»። የሚገርመው፣ ያን ሰሞን ሎከሬን ሁለቴ አጽድቻለሁ፤ ካልሲ ሳይቀር አጥቤያለሁ!

መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ምንም አልጠቀመኝም፤ እንዲያውም አባሰው። በኋላ ሳስበው የምሸሸው ሥራውን ሳይሆን ፋይሉን ስከፍት የሚሰማኝን ነገር ነበር። አማካሪዬ የመጀመሪያውን ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው ነበር የመለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ማየቱም ያስጠላኝ ጀመር።

«ምዕራፍ 2ን ጨርስ» የሚለውን ከማስታወሻዬ ሰረዝኩት። በምትኩ «አንድ ጥናት አንብብ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ» አልኩ። ስልኬን ለዶርም ጓደኛዬ ሰጥቼ ላይብረሪ ገባሁ። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ይህን ዘዴ ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ተማሪ ሳለ ነው የጀመረው። የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት ስለነበር የሚለካው ስሙም «ፖሞዶሮ»፣ ቲማቲም ሆነ። እኔ የእጅ ሰዓቴ በቃኝ።

የመጀመሪያ ቀን ሁለት ዙር ብቻ ቻልኩ። በሳምንቱ ግን አራት ገጽ ያልተስተካከለ ረቂቅ ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ። አሁንም በቀይ ሞሉት። የዚያኑ ቀን ማታ ፋይሉን ከፈትኩት።