የካሮት ሾርባ በማር ሽሮፕ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ እንደምሰራው

ሾርባ ላይ ማር ጠብ ላድርግበት ስል መጀመሪያ ቤቱ ሁሉ ሳቀብኝ፣ እማየማ "ይሄ የሕፃን ምግብ ነው" ብላ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው፣ አሁን ጾም በገባ ቁጥር ስሪ የምትለኝ እሷው ነች።

ለ4 ሰው ግማሽ ኪሎ ካሮት፣ 1 ትልቅ ድንች (የሚያወፍረው እሱ ነው፣ ዱቄት ምናምን አያስፈልግም)፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ሊትር ውሃ፣ ዘይትና ጨው ይበቃል።

ከሽሮፑ ጀምሩ፣ መቀዝቀዝ አለበት። 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ ስኒ ውሃ፣ የ1 ኮረሪማ ፍሬ ወቀጥ ተደርጎ፣ ትንሽ ስባሪ ቀረፋና 2 ቅርንፉድ አድርጋችሁ ቀስ ባለ እሳት ላይ 8 ደቂቃ ያህል። የገበያ ማር ሰፈፉ ካልወጣለት አትጨነቁ፣ ሲሞቅ ይቀልጣል ሲቀዘቅዝ ደግሞ ላዩ ላይ ይረጋል ያኔ በማንኪያ ታነሱታላችሁ። ማንኪያው ላይ ትንሽ ለጠፍ ማለት ሲጀምር ወዲያው አውርዱና ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ አጥልሉት፣ እኔ መጀመሪያ ቀን ይወፍር ብዬ ስጠብቅ ከረሜላ ሆኖ ድስቱን በፈላ ውሃ ነው ያስለቀቅኩት።

ሽንኩርቱን እንደ ወጥ ቁሌት እንዳታቁላሉት፣ ለስለስ ይበል እንጂ ከቀላ ሾርባው ቀለሙም ጣዕሙም ወጥ ወጥ ይላል። ከዛ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በስሱ የተከተፈውን ካሮት፣ ድንቹን፣ ውሃውንና ጨውን ጨምሩና ክደኑት። ኢንተርኔት ላይ 15 ደቂቃ ይላሉ፣ እኛ ጋ አትመኑት፣ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ግማሽ ሰአት ስጡት፣ ካሮቱ በሹካ ሲነካ ፍርስ ካላለ ገና ነው።

ብሌንደር ውስጥ ትኩሱን ሞልታችሁ እንዳትገለብጡ!! እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል፣ በረድ ይበል፣ እስከ ግማሽ ብቻ። መብራት ከሄደ (ይሄዳል) በማማሰያ ጨፍልቃችሁ በወንፊት አሳልፉት፣ እጅ ያደክማል እንጂ እንደውም ይበልጥ ይለሰልሳል። መልሳችሁ አንድ ጊዜ ገንፈል አድርጉት፣ ከወፈረ ውሃ ጨምሩ።

ሽሮፑን ድስቱ ውስጥ እንዳትጨምሩት፣ ይጠፋል። ሰሃን ላይ ከወጣ በኋላ በሻይ ማንኪያ አንድ አንድ፣ ቁንዶ በርበሬ ነስነስ፣ በቃ። በቀይ ስርም ይሆናል፣ እሱ ራሱ ስለሚጣፍጥ ማሩን በግማሽ ቀንሱ። የተረፈውን ሽሮፕ እኛ ቤት በማግስቱ ሻይ ውስጥ ነው የምንጨርሰው።