ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በደንብ እንዲበላና እንዲንቀሳቀስ እንዴት ማስለመድ ይቻላል?

«አይበላም» የሚባልለት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ይውላል። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ከምሳ በፊት አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በመሃል ከሱቅ የመጣ ቺፕስ። ምሳ ሲቀርብ ሆዱ ሞልቷል። ልመናው፣ ቁጣውና በስልክ ካርቱን እያሳዩ ማጉረሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሰዓቱ ነው።

1. የምግብ ሰዓት ያዙ

ለብዙ ቤት የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ ቁርስ ጠዋት 1፡00፣ መክሰስ 4፡00፣ ምሳ 6፡30፣ መክሰስ 10፡00፣ እራት ማታ 12፡30። ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወዲያ ቢል ችግር የለውም። በመሃል ግን ከውኃ በቀር ምንም አይሰጥ።

ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር አይለፍ፤ ሲበዛ ብረት ያለውን ምግብ እንዳይበላ ሆዱን ይይዝበታል። ሻይ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር በምስርና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግደዋል። ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም ከተበላ ግን ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ አለ። ጤነኛ ልጅ አንድ ምሳ ቢዘል አይጎዳም፤ 10 ሰዓት ላይ መክሰሱን ያገኛል። ዕቅዱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአዋቂዎች ነው፦ ሞግዚቷ ለቅሶውን ለማስቆም፣ አያት ከፍቅር የተነሳ ከረሜላ ያቀብላሉ። ሰዓቱን ጽፋችሁ ማዕድ ቤት ለጥፉት። ለአያትም «አይስጡት» ብሎ መከልከል ስለሚያስቀይም፣ 10 ሰዓት ላይ በእጃቸው የሚሰጡት ሙዝ ወይም ብርቱካን አስቀምጡላቸው።

2. የልጁን ድርሻ ከቤቱ ወጥ ቀንሱ

ለልጅ ለብቻ ማብሰል ያደክማል፣ ልጁንም ከቤቱ ምግብ ያርቀዋል። ምስሩ ተቀቅሎ በርበሬ ካለው ቁሌት ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ጭልፋ አውጡ፤ በትንሽ ሽንኩርት፣ ዘይትና እርድ አልጫ ይሁንለት። ለሽሮም በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ ቤት ውስጥ ይኑር።

የራሱ ሳህን ይኑረው። ከትልቅ ሰው ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደበላ ማንም አያውቅም። ለሦስት ዓመት ልጅ በአዋቂ መዳፍ ልክ ሁለት ቁራጭ እንጀራ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጎመን ወይም የተቀቀለ ካሮት ለመነሻ ይበቃል። ጨምሩልኝ ካለ ይጨመርለታል። የተከመረ ሳህን ገና ሳይጀምር ያሰለቸዋል። ከቀኑ ምግቦች በአንዱ እንቁላል ቢኖር ጥሩ ነው።

ልጆች ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ የማያውቁትን ምግብ መፍራታቸው የተለመደ ነው። ዱባውን ዛሬ ከተፋው ሌላ ቀን አቅርቡለት እንጂ አትሰርዙት፤ አንዳንዱ ምግብ እስኪለመድ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ይፈልጋል። መጠኑ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ይሁን፣ ከሚወደው ምግብ አጠገብ ይቀመጥ፣ በላ አልበላ ወሬ አይነሳበት። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ» የተባለ ልጅ ጎመን ቅጣት፣ ከረሜላ ደግሞ ሽልማት መሆኑን ነው የሚማረው።

ጉርሻ መልካም ባህል ነው፤ አፉን ዘግቶ ፊቱን ሲያዞር ግን ይቁም። ምን እና መቼ እንደሚቀርብ የሚወስነው አዋቂው ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ሁልጊዜ ተገፍቶ የሚጎርስ ልጅ መጥገቡን የሚያውቀው በራሱ ሆድ መሆኑ ይቀርና እናቱ «በቃ» ስትል ይሆናል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ሳህኑ ያለ ቁጣ ይነሳ።

ስልክ ካልተከፈተ የማይበላ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትከልክሉት። መጀመሪያ በመክሰስ ሰዓት አጥፉት፣ በሳምንቱ ምሳ ላይ፣ እራትን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ማታ ሁሉም ሰው ስለሚደክም ትግሉ የሚከብደው ያኔ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ፈንዲሻ፣ ቆሎና ሙሉ ለውዝ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ለውዝ ሲፈጭና ዳቦ ላይ ሲቀባ ግን በጣም ጥሩ መክሰስ ነው።

3. በጾም ጊዜ የልጁን ዕቃ ለዩ

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ መጾም አይጠበቅበትም። ሆኖም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ረቡዕና አርብም፣ «ዕቃው ይነካካል» ተብሎ የልጁ እንቁላልና ወተት አብሮ ይቀራል። አንድ ትንሽ መጥበሻ፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያና የራሱ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ ቀለማቸው ከሌላው ዕቃ የተለየ፣ በአንድ ቅርጫት ለብቻ ይቀመጡ። ይህን ያህል ቀላል ነው።

4. ምሳ ዕቃ

ጠዋት 1 ሰዓት የታሸገ የእንቁላል ፍርፍር 6 ሰዓት ላይ ሲከፈት አምስት ሰዓት ቆይቷል። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ ሲቆይ ጀርም ይራባበታል። ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ካለ፣ የፈላ ውኃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ድፉትና ምግቡን እንደተንተከተከ ጨምሩ። ከሌለ ዳቦ በተፈጨ ለውዝ፣ ሙዝና ብርቱካን ላኩ።

መጠጡ ውኃ ይሁን። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ለአራት ዓመት ልጅ የቀኑን ጣሪያ እሱ ብቻ ይሞላዋል። የታሸገ ጁስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁ በመንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ ቁርስና ምሳ የሚያገኝ ከሆነ ቤት ደግሞ ቁርስ አትድገሙለት፤ ለመክሰስና ለእራት አስቡ።

5. ከእራት በፊት አሯሩጡት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ3 እና 4 ዓመት ልጆች በቀን 180 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከዚህ 60ው የሚያስተነፍስ ሩጫና ዝላይ ይሁን ይላል። ስክሪን ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ከ5 ዓመት ጀምሮ ደግሞ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይፈለጋል። ጊዜው ይከፋፈል፣ ዋናው ክፍል ግን ከ10፡30 እስከ 12፡00 ቢሆን ተርቦ ወደ እራት ይገባል።

በመሃል አዲስ አበባ የሚያስቸግረው ቦታ ነው። የኮንዶሚኒየም ግቢ መኪና ይበዛበታል፤ መኪና የማይገባበትን ጥግ በጠመኔ አስምሩና ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ ኩኩሉ ይጫወቱ። እሁድ ጠዋት የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች እጁን ይዞ ለመውጣትና ለመውረድ ይመቻሉ። ወዳጅነት ፓርክ ክፍያ ቢኖረውም ሣርና መጫወቻ አለው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድም ለእግር ጉዞ ጥሩ ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ገንዘብም አይጠይቅ። በሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቤት ውስጥ ትራስ መዝለል፣ በጨርቅ ኳስ መለጋት፣ ሙዚቃ ከፍቶ እስክስታ ይበቃል።

«ምች ይመታዋል» ተብሎ ልጅን ከፀሐይ መደበቅ ጉዳት አለው። ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በቀጥታ በሚያርፍበት ፀሐይ ነው፤ በመስታወት በኩል የሚገባው አይጠቅምም። ይህ ሲጎድል አጥንት ይለሰልሳል፣ እግርም ይጎብጣል።

6. ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው?

አፈር ወይም ኖራ የሚበላ፣ የገረጣ፣ ትንሽ ሮጦ የሚደክም፣ ክብደቱ ለወራት ያልጨመረ ልጅ መታየት አለበት። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር ይያያዛል፤ በመቆጣት አይድንም። ከሁለት ዓመት ጀምሮ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የጥገኛ ትላትል መድኃኒት አታሳልፉ።