ማሽኑ ውስጥ ትዝታ ሲደበቅ፦ ችግርና መፍትሄ

በኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ ማሽን) የሰውን የግል ትዝታ ማጥናት ሲያወሩት ቀላል ነው። ተሳታፊውን አስተኝቶ «የልጅነት ሰፈርህን አስታውስ» ማለት፣ ከዚያ ምስል ማንሳት። ውጤቱ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚታየው።

ችግር፦ ሂፖካምፐስ ጭጭ ብሏል

ትዝታ እየተጠራ ዋናው የትዝታ ክፍል ዝም ካለ፣ ተሳታፊውን ሳይሆን ማነጻጸሪያችሁን ጠርጥሩ። በኤፍኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሁኔታ ከሌላው ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚቀንሰው «ዝም ብለህ ተኛ» የተባለበትን ጊዜ ነው። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ግን ምን ይሠራል? ትናንት የተጣላውን ያስባል፣ የቤት ኪራይ ያሰላል። ትዝታን ከትዝታ ስትቀንሱ ምን ሊተርፍ ነው? ተመራማሪዎቹ ስታርክና ስኳየር ይህን በ2001 አሳይተዋል።

መፍትሄው አሰልቺ ሥራ መስጠት ነው። ቁጥር እያሳያችሁ «ተጋማሽ ነው ኢ-ተጋማሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐሳብ የሚሄድበት ፋታ አያገኝም።

ችግር፦ ፍለጋውና ትዝታው ተደበላልቀዋል

«ወንዝ» የሚል ቃል ያየ ሰው የራሱን አንድ ቀን እስኪያገኝ ብዙ ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። ማሽኑም ቀርፋፋ ነው። የሚለካው የደም ኦክስጅንን ለውጥ ስለሆነ፣ ምላሹ ጫፍ የሚደርሰው ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ከቃል ሽምደዳ ጥናት የተቀዳ የ3 ሰከንድ ጥያቄ እዚህ አይሠራም። ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡ፤ ትዝታው ሲመጣለት ቁልፍ ይጫን። ከቁልፉ በፊት ያለው ፍለጋ፣ በኋላ ያለው ትዝታ ነው። በቀድሞው የፔት ስካን (በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር አንጎልን የሚያነሳ ማሽን) ዘመን ይህ አይታሰብም ነበር፤ አንዱ ምስል የብዙ ሰከንዶች ድምር ነበር።

ኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው መሣሪያ) ከማሽኑ ይፈጥናል፤ በሚሊሰከንድ ይለካል። ግን ጥልቅ የአንጎል ክፍሎችን በደንብ አያይም።

ችግር፦ ውጤቱ ያምራል፣ የየትኛው ትዝታ እንደሆነ ግን አይታወቅም

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ተመራማሪው ከሳምንት በፊት ተሳታፊውን ቁጭ አድርጎ ታሪኩን ያስተርከዋል፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ ያንኑ ይጠይቀዋል። ሰውዬው ያስታወሰው ሠርጉን ነው ወይስ ስለ ሠርጉ ያወራበትን ቢሮ? ምስሉ አይነግራችሁም።

አንዱ መውጫ እንደ «ወንዝ» ያለውን ቀስቃሽ ቃል ማሽን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሳየት፣ ዝርዝሩን ከወጣ በኋላ መጠየቅ ነው። ሌላው የፎቶ ዘዴ ነው። በ2004 የታተመው የካቤዛና የባልደረቦቹ ጥናት የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ግቢያቸውን ፎቶ አስነሳ። ማሽን ውስጥ ራሳቸው ያነሱትንና ሌሎች ያነሱትን አሳያቸው። ቦታው ያው ነው፣ የሚለየው የራስ ትዝታ ብቻ። ጎበዝ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ፎቶ ያልተነሳውን ልጅነት አይደርስበትም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች

ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ተሳታፊው እያወራ ሊሆን ይችላል፤ በሆዱ ያስታውስ፣ ሲወጣ ይተርክ። ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ጠቁሮ ከታየ ደግሞ አትደንግጡ። በአፍንጫ አካባቢ ክፍተቶች ያለው አየር ሲግናሉን ስለሚበላው ነው። የምስሉን ማዕዘን ማዘንበል ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል።