ከሐዋሳ የተላከ ዕቃ ሳይሰበርና ሳይጠፋ እንዲደርስ

ሐዋሳ ሆኜ ያገለገለ ካሜራ፣ ሌንስና ላፕቶፕ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ገዢዎቼ በብዛት አዲስ አበባና አዳማ ናቸው። ዕቃ ሲበላሽ ሁላችንም መንገዱን እንወቅሳለን። እኔ ግን ጥፋቱን ደጋግሜ ያገኘሁት እዚሁ ቤት፣ ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ነው።

ዕቃው ተሰብሮ ደረሰ

ካርቶኑ ከውጭ ደህና ነው፤ ውስጥ ያለው ሌንስ ግን ተሰንጥቋል። ምክንያቱ ክፍት ቦታ ነው። ዕቃው የሚንሸራተትበት ቦታ ካገኘ አውቶቡሱ ጉብታ በዘለለ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ይጋጫል። ላዩ ላይ «ተሰባሪ» ብሎ መጻፍ አያድነውም፤ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከባድ ማዳበሪያ ሊጫንበት ይችላል።

ሁለት ካርቶን ተጠቀሙ። ዕቃውን በባብል ራፕ (አየር በቋጠረ ፕላስቲክ) ጠቅልላችሁ ትንሹ ካርቶን ውስጥ አስገቡት። ትንሹን ደግሞ በትልቁ መሃል አስቀምጡት፣ በሁሉም በኩል አምስት ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይኑረው። ክፍተቱን በደንብ በተጨማደደ ጋዜጣ ጠቅጥቁት። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ከጋዜጣ ይሻላል፣ ሱቅ ከጠየቃችሁ አይከለክሏችሁም። ከዚያ ካርቶኑን ጆሮ አጠገብ ይዛችሁ ነቅንቁት። ትንሽ ኳ ካለ እንደገና ክፈቱት። ስኮቹ መሃሉን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ጠርዝ ይያዝ።

ላፕቶፕ ስትልኩ ቻርጀሩን ክዳኑ ላይ እንዳታስቀምጡ። እኔ አንዴ እንዲህ ልኬ ስክሪኑ ልክ በቻርጀሩ ቦታ ተሰነጠቀ። የገዢውን ብር መለስኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የመላኪያ ዋጋው ትርፉን በላው

ብዙ ዓለም አቀፍ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በክብደት ብቻ አይደለም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፤ ከሚዛኑ ጋር ተነጻጽሮ የበለጠው ይወሰዳል። አንድ ኪሎ ሌንስ 40 በ30 በ30 ካርቶን ውስጥ ካስገባችሁት 7.2 ኪሎ ሆኖ ይታሰባል። 25 በ20 በ15 ከሆነ 1.5 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለዕቃው የሚመጥን ካርቶን ምረጡ።

አገር ውስጥ እኔ እንዲህ እለያለሁ፦ ከባድና ጠንካራ ዕቃ በአውቶቡስ፣ ትንሽና ውድ ዕቃ ደግሞ በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት አገልግሎት (ኢኤምኤስ)። ኢኤምኤስ መከታተያ ቁጥር ስላለው ልዩነቱን ብከፍል አይቆጨኝም። የማውቀው ሰው የሚሄድ ከሆነ ከሁሉም ያ ይሻላል።

ገዢው «አልደረሰኝም» ወይም «የላክልኝ ሌላ ነው» አለ

እዚህ የሚያድነው ማስረጃ ብቻ ነው። ሲሪያል ቁጥሩን ከማሳየት ጀምራችሁ ስኮቹ እስኪለጠፍ ድረስ ሳይቋረጥ ቪዲዮ ቅረጹ። ስልክ ከሆነ *#06# ደውላችሁ የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ይታይ። መናኸሪያ ስታስረክቡ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የአውቶቡሱን ታርጋ ፎቶ አንሱ፣ ለገዢውም ወዲያው ላኩለት። ለረዳቱ በቃል ብቻ አደራ ሰጥቶ መመለስ ለውድ ዕቃ አይሆንም። ዋጋውንም ደረሰኙ ላይ አስመዝግቡ፤ ካልተመዘገበ ዕቃው ቢጠፋ የሚከፈለው ካሳ በጣም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ካርቶኑ ላይ ግን «ላፕቶፕ» ብላችሁ አትጻፉ።

«ብር ገብቷል» የሚል ሜሴጅ መጣ፣ ሂሳቡ ላይ ግን የለም

ሜሴጁ ወይም ገዢው የላከው ስክሪንሾት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። በቴሌብር ከሆነ *127# ደውላችሁ ሂሳባችሁን እዩ፣ ባንክም ከሆነ በራሳችሁ አፕ። ገዢው «አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው» እያለ ቢያጣድፋችሁም ዕቃው ከእጃችሁ አይውጣ። እኔ ግማሹን ቀብድ እቀበላለሁ፣ ቀሪውን ደግሞ ዕቃው ሲታሸግ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ካየ በኋላ፣ መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት።

ባትሪው በአውሮፕላን አይሄድም ተባለ

ለብቻው የሚላክ የሊቲየም ባትሪ እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በካርጎ አይጫንም። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክ በመኪና ላኩ። ያበጠ ባትሪ ግን በምንም አይላክም።