ለቤት ምድጃ የሚሆን ማገዶ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ደግሞ ግቢውንም ማገዶውንም ያረጥባል። ስለዚህ በቤቱ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የሠራ ሰው የክረምቱን እንጨት በጥቅምትና በኅዳር ገዝቶ ማስገባት አለበት፤ እስከ ግንቦት የሚዘልቀው የበጋ ፀሐይና ነፋስ ያለ ምንም ወጪ ያደርቅለታል።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት ድርቀቱ ነው፤ በእኔ እምነት የዛፉ ዓይነት እንኳ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ለምድጃ የሚመከረው ግን ከ20 በመቶ በታች ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃል፣ የቀዘቀዘው ጭስም በጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥላሸት ይተዋል፤ ይህ ጥላሸት ሲከማች ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ለመፈተሽ አንድ ፍልጥ አንሥተው ጫፉን ይመልከቱ። ከመሃል ወደ ዳር የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ቅርፊቱም በጥፍር ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ ደርቋል። ሁለት ፍልጦች ሲጋጩም ደረቁ ጥርት ያለ፣ እርጥቡ የታፈነ ድምፅ ያሰማል።

በገበያ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ለዕለት ማገዶ በቂ ነው። እርጥብ ሳለ በቀላሉ ስለሚፈለጥና ከደረቀ በኋላ መጥረቢያ ስለሚያስቸግር፣ እንደገዙት ወዲያውኑ በክንድ ውፍረት ያስፈልጡት። ወይራና ግራር ፍማቸው ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ጥድ ግን ፍንጣሪ ስለሚረጭ ክፍት ምድጃ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወይራና ጥድ ቀስ ብለው የሚያድጉ አገር በቀል ዛፎች በመሆናቸው ለማገዶ ብለው እንዳያስቆርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የወደቀ የወይራ ቅርንጫፍ ካገኙም ለጋንና ለእንስራ ማጠኛ ቢያስቀሩት ይሻላል። ቀለም የተቀባ ወይም የምስጥ መከላከያ የተነከረ እንጨት፣ እንዲሁም ኮምፔንሳቶ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ፈጽሞ አይነደድም።

ለማስቀመጥ፣ ድንጋይ ላይ ሁለት አጣና አጋድመው ፍልጡን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው ይደርድሩ፤ መሬት የነካ እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ምስጥም ይጠራል። ነፋስ እንዲያልፍ ከግድግዳው ቢያንስ አራት ጣት ያርቁት። ከላይ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ጎኑ ክፍት መሆን አለበት። እኔ አንድ ክረምት ክምሩን ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር፤ በነሐሴ ስገልጠው በላስቲኩ ውስጠኛ ፊት ላይ የውኃ ጠብታ ተንጠልጥሎ፣ ፍልጡም ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። ያንን ክምር ለማድረቅ እስከ ታኅሣሥ ጠብቄያለሁ።

ወደ ቤት የሚገባው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ብቻ ይሁን፤ ከምድጃውም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። አዲስ የመጣውን እንጨት ከአሮጌው ጋር ሳይቀላቅሉ ለብቻው ደርድረው፣ የገባበትን ወር በአንዱ ፍልጥ ጫፍ ላይ በከሰል ይጻፉበት፤ ሁልጊዜም ቀድሞ ከገባው ይጀምሩ።