ዩኩሌሌው ቅኝት አልይዝ ሲል

ዩኩሌሌ፣ ያቺን ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ፣ ይዞ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ «ጣቴ እምቢ አለኝ» ይላል። እኔ ግን ቀድሜ የማየው ክሩን ነው። ክሮቹ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ተብለው እንደሚቃኙ፣ ቅኝቱን የሚለካው ቱነርም ስልክ ላይ እንደሚጫን ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግምም።

ችግር፦ ቃኝቼው አንድ ዘፈን ሳልጨርስ ይወርዳል

በየጊዜው እጄ የሚገባው ይሄ ነው። ክሩ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ስለሆነ አዲስ ሲሆን ይለጠጣል። እስኪረጋ ቀናት ይፈጃል እንጂ ዕቃው አልተበላሸም። አንድ ልጅ ቅኝቱ በወረደበት ቁጥር «ክሩ ፎርጅድ ነው» እያለ ሌላ ይገዛ ነበር። አዲሱም መለጠጥ ይጀምራል፤ እሱም መልሶ ይቀይራል። ብሩን ጨረሰ፣ ዩኩሌሌው አንድ ቀን እንኳ ረግቶ አያውቅም። ሌላዋ ደግሞ ተጫውታ ስትጨርስ ክሮቹን በሙሉ ታላላለች፤ «ይረፉ» ብላ። ካረፉማ መቼ ይለምዳሉ? ቃኝታችሁ ተዉት።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቃኙ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ዘንጎች አንዱ) አካባቢ ክሩን በሁለት ጣት ያዙና ከእንጨቱ ወደ ውጭ አንድ ጣት ያህል ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ልቀቁት። ወርዶ ታገኙታላችሁ፤ እንደገና ቃኙ። ስትስቡት እምብዛም የማይወርድ እስኪሆን ደጋግሙ። ሳቡ ነው ያልኩት፣ መንጭቁ አላልኩም። ድምፁ ከልክ ካለፈ ደግሞ ትንሽ አላልታችሁ በዚያው አትተዉት። በደንብ ዝቅ አድርጉና እያጠበቃችሁ ወደ ልኩ አምጡት። ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር መቃኛ ቁልፉ ላይ ልል ሆኖ ስለሚቀር፣ ሁለት ጊዜ ስትመቱት መልሶ ይወርዳል።

ሳምንታት አልፈውም የሚወርድ ከሆነ መለጠጥ አይደለም፤ አንድ ቦታ እየሾለከ ነው። ክሮቹ ሣጥኑ ላይ የሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ፣ ከቋጠሮው አጠገብ ክሩን በማርከር ነጥብ አድርጉበት። በነጋታው ነጥቡ ከቦታው ከሸሸ ጥፋቱ የቋጠሮው ነው። ፈታችሁ ጫፉን አንድ ዙር ጨምራችሁ እሰሩት። ነጥቡ ካልተነቃነቀ መቃኛ ቁልፉን እዩ። አንዳንዱ ቁልፍ ጥርስ የለውም፤ በፍትጊያ ብቻ ነው የሚይዘው። ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን አለች፤ ሩብ ዙር አጥብቋት። ዘይት እንዳታስነኩት! ፍትጊያውን ካጠፋችሁበት ምን ሊይዘው ነው?

ከርካሽ ዩኩሌሌ ጋር ተገጥሞ የሚመጣውን ክርም አትመኑት። ውፍረቱ ወጥ ካልሆነ ክፍቱ (በጣት ያልተጫነው ክር) ተቃኝቶ እንኳ ፍሬቱ ላይ ይዋሻል። ደህና ክር ግዙለት።

ችግር፦ ጂ ክር ይልላል፣ ኤ ክር ይበጠሳል

ጊታር የነካ ሰው ጂን ወፍራም ድምፅ ያደርገዋል። በተለመደው ቅኝት ግን ጂ ከሲም ከኢም ይቀጥናል። ኤ 440 ኸርዝ፣ ጂ 392፣ ሲ ደግሞ 262 ገደማ ነው። ብዙ ቱነር ፊደሉን ብቻ ያሳያል፤ ኦክታቩን፣ ማለትም ያው ፊደል በላይኛው ይሁን በታችኛው እርከን፣ አይነግራችሁም። ጂን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ የቃኘ ይልልበታል፣ ኤን ከፍ ያደረገ ይበጠስበታል። ስለዚህ ጂን 2ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑ። ከክፍቱ ኤ ጋር አንድ ድምፅ ካልሰጠ ተሳስታችኋል። የጊታር የብረት ክር መግጠም ግን በፍጹም፣ በፍጹም! ብሪጁ ከነሙጫው ተነቅሎ እጄ ላይ የወደቀ ዩኩሌሌ አይቻለሁ።

ችግር፦ ክፍቱ ልክ ነው፣ ኮርዱ ግን ይሻክራል

ሲ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ላይ የምትጫኑት አንድ ክር ብቻ ነው፤ ኤን፣ 3ኛው ፍሬት ላይ። እሱም ጆሮ ካስቀየመ ወይ በጣም ትጨብጣላችሁ፣ ወይ ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት ናት ከፍ ብሏል። ቀለል አድርጋችሁ 1ኛውን ፍሬት፣ ከዚያ 12ኛውን ተጫኑና ቱነሩን እዩ። 1ኛው ከልክ አልፎ 12ኛው ልክ ከሆነ ናቱ ነው። ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ቤት ውስጥ በሞረድ ከልክ በላይ የተፋቀ ናት አይመለስም፤ ክሩ ዝዝዝ ማለት ይጀምራል።

ችግር፦ ኮርዱ ደህና ነው፣ ዜማው አይጥምም

ትዝታን ሞክሩበት። ከሲ ተነስታችሁ ሜጀሩን ትዝታ ስትጫወቱ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። አራቱ ክፍት ክሮቹ ራሳቸው ናቸው! የሚጎድለው ዲ ብቻ ሲሆን እሱም ሲ ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አለ። ለጣት ይቀላል፤ ግን ክፍት ክርን በጣት ማረም ስለማይቻል የተዛባ ቅኝት ወዲያው ያሳብቃል። ኢን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና ከክፍቱ ጂ ጋር አንድ ላይ ምቱ። ድምፁ ዋው ዋው እያለ ከተንቀጠቀጠ ገና አልተቃኘም።

ችግር፦ ስትራሚንጉ (ክሮቹን አንድ ላይ መምታቱ) ድፍን ይላል

ቀዳዳው ላይ አትምቱ፤ አንገቱ ከሣጥኑ የሚገናኝበት ጋ ምቱ። ወደ ታች በአመልካች ጣት ጥፍር፣ ወደ ላይ በጣቱ ሥጋ። የሚሠራው አንጓ ነው እንጂ ክንድ አይደለም። ኮርድ ስትቀይሩ ግራው ባይደርስም ቀኙ እጅ አይቁም።

ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ረስታችሁት ብሪጁ ከተነሳ ወይም ሣጥኑ ከተሰነጠቀ፣ ጊታር የሚጠግን ሰው ጋ ውሰዱት። ሱፐር ግሉ ይቅርባችሁ።