የድሮ የሐረር ፎቶና መዝገብ ስታነቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየስልካችን የሚዘዋወሩትን የድሮ የሐረር ፎቶዎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ከሥራቸው የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል። የተሳሳተ መግለጫ አንዴ ሼር ከተደረገ ማን ይመልሰዋል?

ከሁሉም የከፋው የዘመን አቆጣጠር ስህተት ነው። ፎቶው ላይ «የሐረር ገዥ፣ 1900» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በፈረንጅ ከሆነ ገዥው ራስ መኰንን ናቸው። በእኛ ከሆነ ግን ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ አርፈዋል፤ ሰውየው ሌላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉ በማን እጅ፣ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እዩ። ደግሞ ከፈረንጁ ላይ ዝም ብላችሁ 8 ዓመት አትቀንሱ። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጅ 1916 ይሆናል። ንግሥት ዘውዲቱ በዚያው 1909 የካቲት ላይ ዘውድ ሲጭኑ ግን ፈረንጁ 1917 ገብቷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው።

የፖስት ካርድ ማኅተምም ያሳስታል። ማኅተሙ የሚነግረን ካርዱ የተላከበትን ቀን ነው። ፎቶው ከዚያ ብዙ ዓመት ቀድሞ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ይልቅ ምስሉን ራሱን ጠይቁት። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከታየ፣ ሐዲዱ እዚያ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ስለሆነ ፎቶው ከዚያ በፊት አይሆንም።

ማዕረግን ችላ አትበሉ። ተፈሪ መኰንን ሐረርን መግዛት ሲጀምሩ በ1902 ዓ.ም. ደጃዝማች ነበሩ። ራስ የተባሉት በ1909፣ ንጉሥ በ1921፣ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት ደግሞ በ1923 ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚል ጽሑፍ በሐረር ዘመናቸው ፎቶ ሥር ካያችሁ፣ በኋላ የተጨመረ መሆኑን እወቁ። ደብዳቤ ላይም እንዲሁ ነው፤ «ደጃዝማች ተፈሪ» ካለ ከ1909 በፊት ወይም እዚያው ጫፍ ላይ ተጽፏል። ጦረኛ በፈረሱ የሚጠራበት የፈረስ ስምም ይጨመርበት። አባ ነፍሶና ደጃዝማች ባልቻ አንድ ሰው መሆናቸውን ያልሰማ አንባቢ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራል።

የግብር መዝገብ ሲገኝ ደግሞ የአካባቢው ሰው ሁሉ የተቆጠረበት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ግብር የሚከፍለው ሰው ስም ይጻፋል። ሚስቱ፣ አብሮት የሚያርሰው ጭሰኛ፣ ከብት ጠባቂው ብዙ ጊዜ የሉበትም። እኔ መዝገብ ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው እነዚህን ያልተጻፉትን ነው፤ አንዳንዴ የአቤቱታ ወረቀት ላይ አገኛቸዋለሁ።

የመጨረሻው በየቤታችን የሚሠራ ስህተት ነው፤ የፎቶውን ፊት ብቻ አንስቶ ጀርባውን መተው። አክስቴ ቤት አንድ የቆየ ፎቶ ነበር። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ የሁለት ሰው ስምና «ድሬዳዋ» የሚል ነበረበት። እኔ በስልኬ ያነሳሁት ፊቱን ብቻ ነው። በኋላ ፎቶው እንዳይጎዳ ተብሎ በጠንካራ ማጣበቂያ ካርቶን ላይ ተለጠፈ። አንደኛውን ስም አስታውሳለሁ። ሁለተኛው ካርቶኑ ሥር ቀርቷል።